ለሥራ ቀን እራት ሾርባ የትኛውን ጥራጥሬ እንግዛ? የምስር፣ የክክ፣ የቦሎቄና የሽምብራ ንጽጽር

ጥራጥሬ ሊገዛ እህል በረንዳ የሚቆም ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው የኪሎውን ዋጋ ነው። ለሽሮ ወይም ለበዓል ንፍሮ ቢሆን ይህ ጥያቄ በቂ ነበር፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ገብቶ 2 ሰዓት ላይ ወፈር ያለ የአትክልት ሾርባ ለቤተሰቡ ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ግን ነጋዴው የሚነግረው ዋጋ ግማሹ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ በከሰልና በሰዓት ምድጃው ሥር ይከፍለዋል። ይህን የተማርኩት 5 ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዝቼ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፌው አደርኩ፤ ማታ ከቲማቲሙ ጋር ጥጄው ሦስት ሰዓት ተኩል ከሰል ላይ ከቆየ በኋላ እንኳ በጥርስ መካከል እንደ ጠጠር ይንቀጫቀጭ ነበር። ልጆቹ ዳቦ በሻይ በልተው ተኙ።

ከዚያ ወዲህ ጥራጥሬዎቹን የማነጻጽረው በሦስት ነገር ነው፦ ሳይዘፈዘፉ ይበስላሉ ወይ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ምድጃ ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃሉ፣ ሾርባውስ ውስጥ ቅርጻቸውን ይይዛሉ ወይስ ይሟሟሉ? ሁለቱን ከተሞች ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ በ92 አካባቢ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም ባሕር ዳር በሁለት ሰዓት የሚለሰልሰው ቦሎቄ እናቴ ቤት ማርቆስ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎም ልቡ ጥሬ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እሳቱን ማባባስም መፍትሔ አይሆንም፤ ክዳኑ ልል በሆነ ድስት ውስጥ የሚጨመረው እሳት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከዚያ በላይ አያሳድገውም። ስለዚህ የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራ ወይም የጮቄ ግርጌ ነዋሪ የሆነ ገዥ ከባሕር ዳሩ ገዥ ይልቅ ቶሎ ወደሚበስለው ጥራጥሬ ማድላት ይገባዋል።

ምንም ዝግጅት ለሌለው ምሽት ከሁሉም የሚሻለው ድፍን ምስር ነው። መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ተለቅሞና ታጥቦ በቀጥታ ከተጣደ በእኔ ምድጃ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ልጣጩም ስላለ ከካሮትና ከድንች ጋር ሲንተከተክ ቅርጹን ይይዛል። ቀዩ ምስር ክክ በ20 ደቂቃ ይበስላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ ስለሚሟሟ የሚወጣው ነገር ቀጠን ያለ የምስር ወጥ እንጂ በማንኪያ ሲቀዳ ፍሬ በፍሬ የሚታይ ሾርባ አይደለም። ለሕፃን ወይም ለታመመ ሰው ከሆነ ክኩን እመርጣለሁ፤ ለተራበ ጎልማሳ ግን ድፍኑን። ድፍን ምስር ሲገዙ ትኩረት የሚሻው መልቀሙ ነው፤ ጠጠሩ ከፍሬው ጋር እኩል ስለሚሆን በወንፊት ለመለየት ያስቸግራል።

የአተር ክክና የባቄላ ክክ ጎጃም ደጋው ላይ ከቅርብ የሚገኙ ናቸው፤ ለሾርባም ልዩ ጥቅም አላቸው። አንድ ሰዓት ገደማ ከተቀቀሉ በኋላ ግማሹ ይፈርስና መረቁን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ ብቻቸውን ከመሥራት ይልቅ አንድ እፍኝ ያህል ከምስር ጋር ቀላቅሎ መጣድ ዱቄት ወይም መኮረኒ ሳይጨመር ሾርባውን ጠንካራ እራት ያደርገዋል። ድፍን ባቄላ ግን ልጣጩ ለሾርባ ይከብዳል፤ እርሱ ለንፍሮ ይቆይ።

ቦሎቄ ላይ ጠለቅ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሁሉም ጥሩውን ሾርባ የሚሰጠውም፣ ከሁሉም ብዙ ገዥ የሚያሳዝነውም እርሱ ነው። ነጩ ትንሹ ቦሎቄ ቆዳው ስስ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ልስልስ ነው፤ የካሮቱንና የነጭ ሽንኩርቱን ጣዕም በደንብ ይቀበላል። ቀዩ ቆዳው ወፈር ያለ፣ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ሲሆን በርበሬ ወይም አዋዜ ለሚገባበት ሾርባ ይስማማል። በሁለቱም ግን ከቀለሙ በላይ የሚወስነው ዕድሜው ነው። ቦሎቄ በሞቃትና እርጥበት ባለው መጋዘን ሲከርም ውስጡ ስለሚለወጥ የቱንም ያህል ቢዘፈዘፍ ላይበስል ይችላል፤ የእኔም 5 ኪሎ የዚህ ዓይነቱ ነበር። የከረመውን በዓይን መለየት ይቻላል፦ ነጩ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ቀዩ ይጠቁራል፣ ፍሬው ይጨማደዳል ወይም ወዙ ይጠፋል። የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ከታየበት ነቀዝ ገብቶበታል። ከሁሉም አስተማማኙ መንገድ ግን አንድ ጭብጥ ብቻ ገዝቶ ቤት ቀቅሎ ማየት ነው፤ ከአንድ ኪሎ በላይ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህችን አንድ ማታ ቢታገሥ ነጋዴውም አይቀየምም።

ሌሊት ሲዘፈዘፍ በሁለት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው መጨመር ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ጨው ጥራጥሬን ያጠነክራል የሚለው የቆየ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። በእርግጥ የሚያጠነክረው ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቲማቲም መግባት ያለበት ቦሎቄው በጣት ሲጨመቅ ከፈረሰ በኋላ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ የቤቱ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነውና እርሱም መብሰሉን ያዘገያል፤ በዚህ ጊዜ በመዘፍዘፊያው ላይ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል፣ ከቁንጥር ካለፈ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል።

ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጥሬው ወይም በከፊል የበሰለው ቀይ ቦሎቄ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ንጥረ ነገር ይዟል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ማንተክተክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀቀል ግዴታ ነው። ድስቱን ከሰል ላይ ቀስ እያለ እንዲሞቅ ትቶ ለመሄድ የሚመች ጥራጥሬ አይደለም፤ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ሲቆይ ጉዳቱ እንዲያውም ይብሳል።

ሽምብራ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በእነማይ መረሬ መሬት ላይ በቀሪ እርጥበት የሚበቅል በመሆኑ ትኩሱን ለማግኘት አያስቸግርም። ትንሹ ጥቁርማ ሽምብራ ጣዕሙ ጥሩ ቢሆንም ልጣጩ ሾርባ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ትልቁ ነጭ ሽምብራ ለሾርባ ይመረጣል። ሆኖም ተዘፍዝፎ አድሮም ቢሆን ከቦሎቄ በላይ እሳት ይፈጃል፤ ለማክሰኞ ማታ አልመክረውም፤ ለቅዳሜ ይሁን።

ርካሽ ናቸውና ሾርባ ውስጥ ቢገቡስ ተብለው የሚጠየቁ ሁለት የአገራችን እህሎች አሉ። ግብጦ ፕሮቲኑ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን ምሬቱ መርዛማ ስለሆነ ተቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውሃ ወይም ውሃው እየተለወጠለት መዘፍዘፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ለቆሎ እንጂ ለሾርባ አይለሰልስም። ጓያን ደግሞ ከእነጭራሹ ከዚህ ዝርዝር አወጣዋለሁ፤ ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ በሚገባ የታወቀ ነው፤ ሾርባ ደግሞ ደጋግሞ የሚበላ ምግብ ነው። ያልታወቀ ክክ በርካሽ ሲገዙም ጓያ እንዳልተቀላቀለበት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘን ማዕዘን ስላለው ለለመደ ዓይን ይታወቃል።

የቆርቆሮ ቦሎቄ በባሕር ዳር ሱፐርማርኬቶች ይገኛል። የተለመደው 400 ግራም ቆርቆሮ ውሃው ሲደፋ የሚቀረው 240 ግራም ያህል ፍሬ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ግን ሲቀቀል ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናል። ለድንገተኛ እንግዳ አንዱን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይከፋም፤ ጨው ስለሚበዛበት ታጥቦ መግባት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ፕሬዠር ድስት ላለው ቤት ትኩስ ነጭ ቦሎቄ፣ ለሌለው ደግሞ ድፍን ምስር ከአንድ እፍኝ አተር ክክ ጋር። ፕሬዠር ያለው ሰው እሑድ ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ቀቅሎ በሁለት ዕቃ ከፍሎ ፍሪጅ ካስገባ ለሦስት ቀን ይቆይለታል፤ ሰኞና ረቡዕ ማታ የሚቀረው የአትክልቱ ሥራ ብቻ ነው። ሁለት ቀይ ሽንኩርት በዘይት ቁልት ይደረጋል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል፣ ሦስት ካሮትና ሁለት ድንች ተከትፈው ከአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጋር 15 ደቂቃ ይንተከተካሉ፤ ከዚያ ቦሎቄው፣ ሁለት ቲማቲምና በቀጭኑ የተከተፈ ሩብ ጥቅል ጎመን ገብተው 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ረቡዕና ዓርብ እንዳለ ይቀርባል፤ በፍስክ ቀን ግማሽ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ሲወጣ ጠብ ይደረግበታል። ቆስጣ የሚጨምር ሰው ከእሳት ሊያወርድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይጨምር፤ አለዚያ ሾርባው ይጠቁራል።

ፕሬዠር ድስቱን ለሚገዛ ደግሞ፣ ከመጠኑ በፊት የሚጠየቀው የክዳኑ ላስቲክና የማስተንፈሻው መለዋወጫ በዚያው ከተማ ይገኝ እንደሆነ ነው፤ ላስቲኩ ሲደርቅ እንፋሎቱ በጎን ስለሚያመልጥ ድስቱ ከተራ ድስት አይለይም። ለጥራጥሬ ከግማሹ በላይ አይሞላም፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ሊደፍነው ይችላልና። መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ዝቅ ላለ አገር የተሰላ ነው፤ ከ600 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ይጨመርበታል። በዚህ ስሌት 20 ደቂቃ የተባለው ባሕር ዳር ላይ 24፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 26 ደቂቃ ይሆናል፤ እናቴ ቤትም ቦሎቄው ልቡ ድረስ መብሰል የጀመረው ይህችን ስድስት ደቂቃ መጨመር ከጀመርን ወዲህ ነው።