ቶሞካ፣ ፒያሳ

ቶሞካ ተዝናንቶ ለመቀመጥ የሚኬድበት ቤት አይደለም። ከፍ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ክርን ለክርን እየተነካካህ ነው የምትጠጣው። ቤቱ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ይቆላል፤ ሽታው ገና መንገድ ላይ ይቀበልሃል። መጀመሪያ ካሸሯ ጋ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ።

ማኪያቶው ወፍራምና መራራ ነው። ስኳር ብታበዛበትም ምሬቱ አይለቅም፤ እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው። እህቴ ግን «ይሄማ መድኃኒት ነው!» ብላ ወተት አስጨመረችበት። (ከእሷ ጋር ቡና መጠጣት ራሱ ፈተና ነው።) የጀበና ቡና ካማረህ ሌላ ቤት ፈልግ። ስትወጣ ግን ግማሽ ኪሎ የተቆላ ያዝ። ቤትህ ወፍጮ ካለህ ሳይፈጭ ውሰደው፤ ሽታው ይቆይልሃል። ጠዋት ስለሚጨናነቅ ረፋዱ ላይ ብትሄድ ይሻላል።