ለተፋቀ የመኪና ቆዳ ወንበር የትኛውን ልግዛ? ክሬም፣ ቀለም ያለው ቅባት፣ የቆዳ ቀለም እና ስፕሬይ ሲነጻጸሩ

የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ነጣ ነጣ ማለትና መሰነጣጠቅ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚገዛው የቆዳ ክሬም ነው። ክሬሙ ሲቀባ ወንበሩ ይወዛል፤ ቀለሙም የተመለሰ ይመስላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን የነጣው ቦታ እንደነበረው ብቅ ይላል። ክሬሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የጠፋ ቀለም መመለስ ሥራው ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን ከማወዳደር በፊት ወንበሩን ማወቅ ይቀድማል።

ዛሬ በመኪና ውስጥ የምናየው ቆዳ አብዛኛው ላዩ የተሸፈነ ነው። ከቆዳው በላይ ቀለም፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ከመፋቅ የሚጠብቀው ፖሊዩሬታን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ስስ ሽፋን አለ። በገባንና በወጣን ቁጥር ልብሳችን የሚፍቀው ይህንን ሽፋን ነው። እሱ ሲያልቅ ቀለሙ ይከተላል፤ ከዚያ የቆዳው ሥጋ ይታያል። ብዙ ጊዜ “ቆዳው አልቋል” የሚባለው ቆዳው ገና ደህና ሆኖ ሳለ ነው። ደግነቱ፣ ላዩን ቤት ውስጥ መመለስ ይቻላል።

ለመለየት ሁለት የውኃ ጠብታ ይበቃል፦ አንዱ ከተፋቀው ቦታ፣ ሌላው ፀሐይም ሰውም ከማይደርስበት፣ ለምሳሌ ከራስ መደገፊያው ሥር። ባልተጎዳው ቦታ ላይ ጠብታው ክብ እንደሆነ ከቆመ የተሸፈነ ቆዳ ነው። እዚያም ቆዳውን አጥቁሮ ወዲያው ከሰመጠ አኒሊን የሚባለው፣ ሽፋን የሌለው ቆዳ ነው፤ ከላይ የሚቀባ ቀለም የተፈጥሮ መልኩን ይደፍንበታል። ወንበሩ በስሱ እየተቀረፈ ከሥሩ ጨርቅ የሚያሳይ ከሆነ ግን ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። አንዴ መቀረፍ ከጀመረ በጠርሙስ የሚሸጥ ምንም ነገር አያድነውም፤ ገንዘቡን ለማስቀየር ያቆዩት። የቆዳ ወንበር አላቸው በሚባሉ ብዙ መኪኖችም ቆዳው ሰውነት የሚነካው ፊቱ ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ቪኒል የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው።

ክሬም ወይስ ማጽጃ?

በተሸፈነ ቆዳ ላይ ክሬም ወደ ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሽፋን ለሌለው ቆዳ ይጠቅማል፤ ለተፋቀ ወንበር ግን መድኃኒት አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ማጽጃውን ይግዛ። የወንበር ቆዳ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ እንጂ የሚያብረቀርቅ አይደለም፤ በአገልግሎት ላይ እያለ የሚያብረቀርቀው የሰውነት ቅባትና እድፍ ስለተጋገረበት ነው። ለስላሳ ብሩሽና ለቆዳ የተዘጋጀ ማጽጃ ይህን ሲያነሳው ወንበሩ የታሰበውን ያህል ያልተጎዳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቆዳ በባሕርዩ ወደ አሲድነት ያደላል፤ ስለዚህ የልብስ ሳሙናና ጠንካራ የቤት ማጽጃ ይጎዱታል። የወይራ ዘይትና የጫማ ቀለምም ይቅሩ፤ የመጀመሪያው እድፍ ይሰበስባል፣ ሁለተኛው ልብስ ላይ ይጋባል።

ቀለም ያለው ቅባት ወይስ የቆዳ ቀለም?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ገዢም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም “የቆዳ ቀለም መመለሻ” ተብለው ይሸጣሉና።

ቅባቱ ዘይትና ሰም ውስጥ የተቀላቀለ ቀለም ነው። በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ይታሻል፤ ቆዳው ይመጠዋል፤ ትርፉ ይጠረጋል። ምንም ልምድ አይጠይቅም፣ ቢበላሽም መልሶ ማስተካከል ቀላል ነው። ፀሐይ ላደበዘዘውና ለመምጠጥ ክፍት ለሆነ ቆዳ ያምርበታል። ግን አዲስ ሽፋን አይሠራም። ብዙ በሚታሸው የሾፌር ወንበር ጎን ላይ ቶሎ ይለቃል፤ በደንብ ካልተወለወለ ነጭ ሱሪ ሊያበላሽ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው፣ ሰሙ ቆዳው ውስጥ ስለሚቀር በኋላ ትክክለኛው ቀለም እንዳይጣበቅ ያስቸግራል። በዓመቱ ቀለም ልቀባ እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ቅባቱን ባይጀምረው እመክራለሁ።

በውኃ የሚቀጥነው የቆዳ ቀለም የፋብሪካውን ሥራ ይከተላል፦ መጀመሪያ ቀለም፣ ከላይ መከላከያ ሽፋን። ለተሸፈነና ለተፋቀ ወንበር እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ከባዱ ሥራ ግን ዝግጅቱ እንጂ ቅቡ አይደለም። ቆዳው ይታጠባል፣ በአልኮል ወይም በአዘጋጂ ፈሳሽ ቅባቱ ይወጣል፣ የሻከረው ቦታ ከ600 እስከ 1000 ቁጥር ባለው ስስ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይለሰልሳል። ወንበሩ ቀደም ሲል ሲሊኮን ባለው ማወዣ ከተወለወለ ዝግጅቱ እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀለም ተሰብስቦ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቀለሙ በስፖንጅ በጣም ስስ ሆኖ ይነካል፣ በፀጉር ማድረቂያ ይደርቃል፣ ይደገማል። አንድ ወፍራም ቅብ ከሚቀቡ አራት ስስ ቅብ መደራረብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጠቃጠቆ እንዳያሳይ ከአንዱ ስፌት እስከ ሌላው ስፌት ያለውን ቁራጭ ሙሉ ይቀቡ።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው መከላከያ ሽፋኑ አብሮ መኖሩን ነው፤ ያለ እሱ ቀለሙ ብቻውን ቶሎ ይፋቃል። ደብዛዛውን ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው አሮጌ ወንበር እንደተቀባ ወዲያው ያሳብቃል። ለሾፌር ወንበር ከሽፋኑ ጋር የሚቀላቀል ማጠንከሪያ ካለ ተጨማሪውን መክፈል ተገቢ ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን ብዙ ስለማይቆይ የሚበቃዎትን ብቻ ያዋህዱ። ሁለተኛው የቀለሙ አመራረጥ ነው። “ግራጫ” ወይም “ቡኒ” ብሎ ከመግዛት በመኪናው የውስጥ ቀለም ኮድ የሚቀምም ሻጭ ይሻላል፤ ኮዱ በብዙ መኪኖች በር መቃን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ይገኛል። ያም ቢሆን የእርስዎ ወንበር በፀሐይ ተለውጧልና በተሸሸገ ቦታ ሞክረው፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ይፍረዱ።

ስፕሬይስ?

በጣሳ የሚመጣው ስፕሬይ ለቪኒልና ለፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ ፈጣንና እኩል የሆነ ቅብ ይሰጣል። ለቆዳ ወንበር ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። መስታወቱን፣ ቀበቶውንና ፕላስቲኩን ሁሉ በወረቀት መሸፈን ያስፈልጋል፤ ትነቱም ስለሚጎዳ ክፍት ቦታና የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይፈልጋል። ወንበሩን ከመኪናው ፈትቶ የሚሠራ ሰው ነው የሚጠቀምበት።

ስንጥቅና ቅዳጅ

ለደቃቅ ስንጥቆች የላሉትን የቆዳ ቃጫዎች የሚያያይዝ ቀጭን ፈሳሽ ማሰሪያ አለ፤ ጠለቅ ላሉት ደግሞ እንደ ቀለሙ በስሱ እየተደጋገመ የሚገባ መሙያ። ለተቀደደ ቆዳ መሙያ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር ጨርቅ ገብቶ፣ በሚተጣጠፍ ሙጫ ተጣብቆ፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። ብዙ ጥቃቅን የቀለም ብልቃጦችን የያዘው ትንሹ የጥገና ሳጥን በሲጋራ ለተቃጠለ ነጥብ ይሆናል፤ ለአንድ ሙሉ ወንበር አይደርስም፣ ቀለሙንም በዓይን ግምት ማዋሃድ አስቸጋሪ ነው። አየር እንዲያሳልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ የተደረገ ቆዳ ላይ መሙያ አያስገቡ፤ ቀለሙንም ደረቅ ብሎ በተጨመቀ ስፖንጅ ይንኩት።

በወንበሩ ጎን የኤርባግ ምልክት ካለ ግን በዚያ በኩል የተተረተረውን ስፌት ራስዎ አይስፉት፣ በሙጫም አይዝጉት። ብዙ ወንበሮች ላይ ያ ስፌት ኤርባጉ ሲፈነዳ እንዲከፈት ታስቦ የተሰፋ ነው።

የወንበር ልብስ ወይስ ማስቀየር?

የወንበር ልብስ ርካሽና ፈጣን ነው፤ የጎን ኤርባግ ላለው ወንበር ግን ለዚያ ሞዴል የተሠራውን፣ ጎኑ ለኤርባጉ የሚከፈተውን ብቻ ይግዙ። ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም፤ ከሥሩ የገባ አሸዋ የተረፈውን ሽፋን መፋቁን ይቀጥላል። ቆዳው ሳስቶ ከተቦደሰ ወይም ውስጡ ያለው ስፖንጅ ከተሰበረ ማስቀየር ያዋጣል። ያኔም ሙሉ ወንበሩን ለማስቀየር አይቸኩሉ፤ ወንበር ሰፊው የተጎዳውን ቁራጭ ብቻ መለወጥ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አዲሱ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ቀለሙ ባይገጥም፣ ሁለቱንም በዚያው በውኃ በሚቀጥነው ቀለም አንድ ማድረግ ይቻላል።