የአባዬ ኮሮላ እና የለገጣፎ ላቫጆዎች

አባዬ መኪና መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። ጉልበቱ እምቢ አለው። ኮሮላዋን ግን አልሸጣትም። ለገጣፎ ባለው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ትቆማለች። ወንድሜ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እናቴን ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ያደርስባታል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሚኒሶታ ስገባ አባዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጆቼ ነው። ቀጥሎ ስለ መኪናዋ አነሳ። «ለእንቁጣጣሽ ንጹሕ ሆና ልያት» አለኝ።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። በአምስት ሳምንት ውስጥ ግን ሦስት ጊዜ አሳጠብኳት፤ ሦስቱንም በተለያዩ ሰዎች። የመጀመሪያዎቹ ጎዷት። የቀሩት ሁለቱ ግን እንዴት እንደሚታጠብ አሳዩኝ። በእረፍት መጥቶ የቤተሰብ መኪና የሚይዝ ወይም የሚከራይ ሰው ብዙ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፈው።

የመጀመሪያው ዋናው መንገድ ዳር ያለ ነው። ስሙን አልጠራም። ከካራ ስመጣ አየሁትና ገባሁ። አራት ልጆች ተሯሩጠው መጡ። ፊታቸው ብሩህ ነው፣ ሰላምታቸው ደስ ይላል። አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ፣ አንድ የውሃ ጠመንጃ አላቸው። መኪናዋ በጥቁር አፈር ጭቃ ተለስናለች። ሁለት ባልዲ ውሃ ደፉባትና ወዲያው በጨርቅ ማሸት ጀመሩ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ጭቃው ገና አልራሰም። በውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ጨርቁ ላይ ተጣበቀ። ጨርቁ ባልዲው ውስጥ ይነከራል፣ አሸዋውን ይዞ ይወጣል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቃል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ክብ ክብ ጭረቶች አየሁ። ከሰላሳ ዓመት በላይ በአባዬ እጅ ብቻ የታጠበች መኪና ናት። ልቤ ተሰበረ።

በዚህ አላበቃም። «እህቴ፣ ሞተሩንም እንጠብልሽ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሞተሩ ከመንገድ እንደመጣ የጋለ ነው። የውሃውን ጠመንጃ አስጠግተው ለቀቁበት። ሲጨርሱ መኪናዋ አልነሳ አለች። ከሰፈር የተጠራው መካኒክ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፈተ። ውስጡ ላብ እንደያዘው ሰው ረጥቧል። በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ በኮምፕረሰር አየር ነፋበት፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። እንዲህ ያሉ የድሮ ሞተሮች ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍሉት በዚያ ክዳን በኩል ነው። እርጥበት ከገባበት እሳቱ መንገድ ይስታል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ክዳኑን በፕላስቲክ ከረጢት መሸፈን ይበቃ ነበር።

ከሁሉም ያስፈራኝ ግን ወደ ቤት ስመለስ የሆነው ነው። ጎማ የሚያብረቀርቁበትን ቅባት ፔዳሎቹንም ቀብተዋቸዋል። አንድ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቆመ። ፍሬን ስይዝ እግሬ ሸርተት አለ። ለጥቂት ተረፍን። እናቴ አጠገቤ ነበረች። እባካችሁ፣ መኪና ስታሳጥቡ መሪና ፔዳል ላይ ምንም ቅባት እንዳይነካ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ልጆቹን መውቀስ አልፈልግም። የሚከፈላቸው በመኪና ብዛት እንደሆነ ነግረውኛል። ማንም ስለ ጨርቅና ስለ አሸዋ አላስተማራቸውም። ንጹሕ ጨርቅ የሚገዛው የላቫጆው ባለቤት ነው፣ ጊዜ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ሁለተኛውን ያገኘሁት በዚያው መካኒክ ጥቆማ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የሲሚንቶ መወጣጫ ያለው ላቫጆ ነው። የሚመራው በሃምሳዎቹ ያለ፣ ለዘብ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስደርስ ኮፈኑን በመዳፉ ነካ። ጎንበስ ብሎ ቸርኬዎቹንም ነካ። «መጀመሪያ ትብረድ» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ አልኩ። ሻይ አመጡልኝ። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ሊጣመም እንደሚችል ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው። ሚኒሶታ ስኖር መኪናዬን ሁልጊዜ ማሽን ውስጥ አስገብቼ ነው የማሳጥበው። ትብረድ ብሎኝ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ሥራው ከታች ተጀመረ። መኪናዋን መወጣጫው ላይ አቁመው ከፓራፋንጎዎቹ ሥር ያለውን ጭቃ ውሃ እያጠጡ አራሱት። ሲለሰልስ እየተገመጠ ወደቀ። ከአንዱ ጎማ በላይ ብቻ የወጣው ጭቃ ግማሽ ባልዲ ይሞላል። የእኛ ሰፈር ጥቁር አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ውሃውንም ቶሎ አይለቅም። ከላይ ፀሐይ ቢወጣም ብረቱ ከውስጥ ለሳምንታት እንደረጠበ ይቆያል። ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። «ዛሬ ታጥቦ ነገ ዝናብ» እያለ መኪናውን እስከ መስቀል የማያሳጥብ ሰው ብዙ ነው። ላዩ ቢቆይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሥሩ ግን ክረምቱን ሙሉ መታጠብ አለበት። ሚኒሶታ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የመኪና ሥር ማጠብን እዚያ ተምሬ ነበር። ጭቃም የጨውን ሥራ እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ሰውየው ክብሪት አወጣና በየበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች መጠንቆል ጀመረ። በመስታወቱ ጎን ሾልኮ በር ውስጥ የሚገባው ዝናብ የሚወጣው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ሲደፈኑ ውሃው በሩ ውስጥ ይተኛል። ከአንደኛው በር ዝገት የመሰለ ውሃ ፈሰሰ። ከፊት መስታወቱ ሥር ደግሞ፣ ዝናብ መጥረጊያዎቹ ካሉበት ቦታ፣ ሁለት እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል አወጣ። ያም የውሃ መውጫ ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ላይዋን ያጠቡት ከጣሪያዋ ጀምረው ነው። መጀመሪያ በውሃ ብቻ፣ ጠመንጃውን ከአንድ ክንድ ያህል አርቀው። ከዚያ የመኪና ሻምፑ። ሁለት ባልዲ ነበራቸው። አንዱ ሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ማጠቢያ። ለቸርኬዎቹ ሌላ ብሩሽ ነበር፤ ያ ብሩሽ ቀለሙን አይነካም። ሲያደርቁም አያሹም። ወፍራሙን ጨርቅ ዘርግተው ውሃውን ያስመጥጡታል። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለምን እንደማይጠቀሙ ጠየቅኩ። ስቡን ጥርግ አድርገው ሲያወጡ ቀለሙን የሚጠብቀውን ዋክስም አብረው ይወስዱታል አለኝ። ልክ ነው።

ውሃውስ? ለገጣፎ ስለሆንን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። የለገዳዲ ግድብ ጎረቤታችን ነው፣ ቧንቧው ግን የሚመጣው በተራ ነው። ላቫጆው በጣሪያው አሸንዳ የዝናብ ውሃ ወደ ሁለት ሮቶ ያጠራቅማል። በበጋ የጉድጓድ ውሃ ከቦቴ ይገዛል። ሰውየው የጣሪያውን ውሃ ይመርጣል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለው ቀለሙ ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ የዝናብ ውሃ ግን ብዙም አይተውም። በክረምት የታጠበች መኪና ከበጋዋ ይልቅ የምትጠራው ለዚህ ነው።

የታጠበበት ውሃ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቦይ አይሄድም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ዘይቱ ተቀድቶ በበርሜል ይቀመጣል። ይህ ለእኔ ከመኪናዋ በላይ ነው። የሰፈራችን ውሃ ዞሮ ዞሮ አቃቂ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ እኛው እንበላዋለን። ቦዩ ውስጥ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ውሃ ሲፈስ ካያችሁ የምታሳጥቡበትን ቦታ ቀይሩ።

ጭረቶቹን በፖሊሽ እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት። እሺ ብሎ ገንዘቤን መቀበል ይችል ነበር። አላደረገውም። «ፖሊሽ ቀለም እየላገ ነው ጭረት የሚያጠፋው። የእሷ ቀለም አርጅቷል፣ ሳስቷል። ዋክስ ይበቃታል፣ እሱም ዝናቡ ሲያባራ» አለኝ። ቢጫ የሆኑትን የፊት መብራቶች ግን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያሸ፣ ቀጥሎ በፖሊሽ አጠራቸው። ማታ መንገዱ ለየልን። ለሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ቦታ እጥፍ ከፈልኩ፣ በቴሌብር። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። በደስታ ነው የከፈልኩት።

ላቫጆው ውስጥ ከቆሙት መኪኖች ሁለቱ የኤሌክትሪክ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ቁጥራቸው በዓይን ይታያል። ሰውየው ልጆቹን የቻርጅ ማድረጊያው ክዳን ላይና ከሥር ባትሪው ላይ ጠመንጃውን አስጠግተው እንዳይለቁ ያስጠነቅቃቸዋል።

የውስጧ ነገር ለብቻው ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት ከሰንዳፋ ያመጣችው ቅቤ ከኋላ ወንበር ሥር ተደፍቶ ነበር። ለበዓል ደግሞ በግ ተጭኖባታል። ሽታው በር ሲከፈት ፊት ይመታል። ወንድሜ የሽቶ ካርቶን ሰቅሎ ሊሸፍነው ሞክሯል። የባሰ አደረገው።

ቤት ድረስ የሚመጡ ሁለት ወጣቶች አገኘን። ወንድና ሴት ናቸው፣ አብረው ነው የሚሠሩት። ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቀን ጠብቀው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጡ። ወንበሮቹን በሙሉ ፈትተው አወጡ። ኤርባግ ያላቸው መኪኖች ላይ ከወንበሩ ሥር ቢጫ መያዣ ያለው ሽቦ ስላለ መጀመሪያ ባትሪውን እንደሚያላቅቁ ነገሩኝ። የእኛዋ ኤርባግ የላትም፣ ሥራው ቀለለላቸው።

ምንጣፉን ሲያነሱ ልጅቷ ጠራችኝ። ከኋላ በስተቀኝ፣ ከወፍራሙ ንጣፍ ላይ ገብስ በቅሏል። ቁመቱ ጣት ያህል ነው፣ ብርሃን ስላጣ ነጭ ሆኗል። ከወፍጮ ቤት መልስ የፈሰሰ ፍሬ ነው። የዚያን ጊዜ ክብሪቱና የባሕር ዛፉ ቅጠል ትዝ አሉኝ። መውጫ ያጣው ዝናብ ለካ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ሽታውም የቅቤና የበግ ብቻ አልነበረም፣ ከሥር ሻጋታ ነበረበት። የውሃው መንገድ ሳይከፈት ውስጡ ቢታጠብ ኖሮ በወሩ ተመልሶ ይሸት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የውሃ መውጫዎቹን፣ ከዚያ ውስጡን አሳጥቡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ቅቤውን ያወጡበት መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የረጋውን ፋቁት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነሱበትና ሁለት ሰዓት ተዉት። በቫኪዩም ሳቡት። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ተጫኑት፣ ሳቡት፣ ደገሙት። አራት ጊዜ። ወንበሮቹን ውሃ አላጠጧቸውም፤ አረፋውን ብቻ በብሩሽ አሽተው ወዲያው በማሽን መጠጡት። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ በክረምት አይደርቅም።

አባዬ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያያቸው ዋለ። «ልጄ፣ ዳሽቦርዱን አታብረቅርቂው» አላት። እሷም «አላደርገውም አባባ፣ መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ ይፈጥራል» አለችው። ተግባቡ። ለገጣፎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። የሚያብረቀርቅ ቅባት ሁሉ ከፀሐይ አያድንም፣ አቧራ ግን ይስባል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ በደረቅ ደግማ፣ ተወችው። መስታወቶቹን በውሃ በቀጠነ አቼቶ ጠረገች።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ወንበሮቹ ገና እርጥበት ነበራቸው። ሒሳቡን ልክፈላቸው ስል እምቢ አሉ። «ሳይደርቅ አንገጥምም። ነገ እንመጣለን» አሉ። ሌሊቱን በሮቿ ተከፍተው ጥላው ሥር አደረች፣ ማራገቢያ አቆምንላት። በማግስቱ ከሰዓት መጥተው ገጠሙ። ስፖኪዮው ላይ የነበረውን የሽቶ ካርቶን አውልቀው ለወንድሜ ሰጡት።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አባዬ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ዞሯት። ኮፈኑ ላይ ቆም አለ፣ ጭረቶቹን በጣቱ ተከተላቸው። አላየም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምንም አላለኝም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ከፓራፋንጎው ሥር ሰደደ። አውጥቶ አየው። ንጹሕ ነበር። በሩን ከፍቼለት ከመሪው ጀርባ ተቀመጠ።

ወንድሜ መስቀል ካለፈ በኋላ ለዋክሱ ላቫጆው ጋ ቀጠሮ ይዟል። አባዬ አብሮት እንደሚሄድ ነግሮታል።