«ሆድሽን ያምሻል ወይስ ሆድ ይብስሻል?»፦ በጎንደር አንድ ክሊኒክ ያየሁት አገልግሎት

ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ላለፉት አራት ወራት የሆድ ሕመም ክትትል ሳደርግ ቆይቻለሁ። አገልግሎቱን ለሌሎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ማስረዳት የፈለግሁት እዚያ ከመድረሴ በፊት ለአምስት ዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባልሁ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስዞር፣ ስለ እንቅልፌና ስለ ጭንቀቴ የጠየቀኝ አንድም ሰው ስላልነበረ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ካርድ ካወጣሁ በኋላ የተቀበለችኝ ሲስተር የደም ግፊቴን እየለካች «እህቴ፣ ሆድሽን ያምሻል ወይስ ሆድ ይብስሻል?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት እንባዬ ቀደመኝ። በእኛ ቋንቋ ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፣ የራራ ሰው ሆዱ ይባባል፣ የከፋውን ሰው ሆዱን ባር ባር ይለዋል፣ ችግሩን ለማንም የማይናገር ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን የምንናገረው ስለ ማቃጠሉና ስለ መነፋቱ ብቻ ነው፤ ሐኪሙም የሰማውን ጽፎ መድኃኒት ያዝዛል።

ሐኪሟ በቅድሚያ ያደረጉት አደገኛ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ነበር። ክብደት ቀንሼ እንደሆነ፣ ሰገራዬ ላይ ደም አይቼ እንደሆነ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኝ እንደሆነ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የታመመ ሰው እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ የደም ማነስ ምርመራም አዘዙ። ከዚህ ቀደም በሌሎች ቦታዎች ሁለት ጊዜ በደም ምርመራ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ» ተብዬ፣ ሁለት ጊዜ የ14 ቀን መድኃኒት ውጬ ነበር። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል እንደሚችል የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል የተባለው መድኃኒት ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል ለሁለት ሳምንት አስቁመውኝ በሰገራ አስመረመሩኝ፤ ባክቴሪያው አልተገኘም። ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት በከንቱ ወስጄው ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በመጨረሻ የተነገረኝ ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት የአንጀት ሥራ መታወክ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሚሠራበት መስፈርት መሠረት፣ ሕመሙ ቢያንስ ከ6 ወር በፊት የጀመረ፣ ባለፉት 3 ወራት ደግሞ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የታየና ከሰገራ መውጣት፣ ከድግግሞሹ መለዋወጥና ከመልኩ መለዋወጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንጀትና አንጎል ሥለው በመካከላቸው መስመር አሰመሩ። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ፣ ሁለቱን ከሚያገናኘው ቬገስ ከተባለው ነርቭ ክሮች አብዛኞቹ መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ወደ አንጎል እንደሆነ፣ ሲሮቶኒን ከተባለው ንጥረ ነገር 90 በመቶ ያህሉም የሚመረተው በአንጀት ውስጥ እንደሆነ አስረዱኝ። ይህ የአንጀት ሲሮቶኒን በቀጥታ ወደ አንጎል እንደማይገባም አልደበቁኝም፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ያለው ማብራሪያ ከዚያ በፊት አግኝቼ አላውቅም። ጭንቀት አንጀትን ያስቆጣል፤ የተቆጣ አንጀትም ጭንቀትን ያባብሳል። ሕመሙ የምር እንደሆነ፣ እኔም የፈጠርሁት እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩኝ።

አይቢኤስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ የወር አበባ ሆርሞኖችም ድርሻ አላቸው። ሐኪሟ ለሁለት ወር ያህል የሆዴን ሁኔታ፣ የወር አበባዬን ቀንና የዕለቱን ስሜቴን በደብተር እንድመዘግብ አዘዙኝ። መዝገቡን ሳገላብጥ መነፋቱ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው እንደሚበረታ፣ በመጣ ቀን ደግሞ ወደ ተቅማጥ እንደሚለወጥ አየሁ። ከሁሉም የከፋው ሳምንት የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ነበር።

ሌሊት የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊንም ታዘዘልኝ። ሐኪሟ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ለድብርት እንደሚሰጥ፣ በትንሽ መጠን ግን የአንጀትን ሕመም ለማስታገስ እንደሚረዳ አስቀድመው ስለነገሩኝ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ አንዱ ባለሙያ «ይህ እኮ የጭንቀት ነው» ብሎ በሰው ፊት ሲናገር አልደነገጥሁም። ባይነግሩኝ ኖሮ ማዘዣውን ቀድጄ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

በአገልግሎቱ ላይ ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። ስለ ድብርት የሚጠየቁት ዘጠኙ ጥያቄዎች የሚነበቡት ተራ ከሚጠብቁት ታካሚዎች በመጋረጃ ብቻ በተለየ ክፍል ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቅ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ የሰፈሬ ሴቶች ሲያወሩ እየሰማሁ እውነቱን መናገር አልቻልሁም፣ «የለም» ብዬ አለፍሁት። በቀጣዩ ቀጠሮ ወረቀቱን ራሴ እንድሞላው ጠይቄ ፈቀዱልኝ፤ ሐኪሟም እውነተኛውን መልስ ካዩ በኋላ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩኝ። ይህ ዕድል ለጠየቀ ሰው ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም፤ ማንበብ ለማትችል ሴትም በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው የአመጋገብ ወረቀቱ ነው። ስለ ፖምና ስለ እንጉዳይ በዝርዝር ያወራል፤ ስለ ሽሮ ግን አንድ ቃል የለውም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽምብራና ባቄላ ብዙ አይቢኤስ ያለባቸውን ሰዎች እንደሚነፉ እየታወቀ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ክክ የምትበላ የጎንደር ሴት ወረቀቱን ይዛ ምን ታደርጋለች? ክፍተቱን የሞላችልኝ ያችው ሲስተር ናት። ጾሜን እንድተው አላዘዘችኝም፤ በባዶ ሆድ የምጠጣውን ቡና እንድተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፈታም በአንድ ጊዜ ጠግቤ ከመብላት በጥቂት በጥቂቱ እንድበላ፣ ሽሮውን ቀጠን አድርጌ ድንችና ካሮት እንዳበዛበት መከረችኝ። በጥቂት በጥቂቱ መብላቱ እስካሁን እየረዳኝ ነው።

ዋጋው በከተማው ካሉት ሌሎች የግል ክሊኒኮች ብዙም አይለይም። ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ተራው ስለሚረዝም በሌላ ቀን ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል። የምትሄጂ እህቴ ከዚህ በፊት የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያና የወር አበባሽን ቀን የጻፍሽበትን ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ የዘጠኙን ጥያቄ ወረቀትም ራስሽ ለመሙላት ገና ስትገቢ ጠይቂ።