ከርነል 6.6 ወይስ 6.8? የኡቡንቱ 24.04 ምርጫ

በሊኑክስ ላይ የተሠራው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ኡቡንቱ 24.04 የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ነው። ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የትኛው ስሪት እንደሚሆን ከመቆረጡ በፊት ሁለት አማራጭ ነበር፤ የበሰለው 6.6 እና ትኩሱ 6.8።

6.6 የወጣው በኦክቶበር 2023 ነው። ወራት ተፈትኗል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች ራሳቸው ለዓመታት የሚጠግኑት ስሪት ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛው በቀጥታ ከምንጩ ይመጣል። ሌላው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዴቢያን 12ም 6.1ን ሲይዝ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

6.8 ደግሞ ማርች 10 ቀን 2024 ወጣ። እስከ ኡቡንቱ መውጫ ሰባት ሳምንት እንኳ አይሞላም! አዲስ ላፕቶፕ ለገዛ ሰው ግን ይህ ትኩስነት ዋጋ አለው። ዋይፋዩና ግራፊክሱ ያለ ብዙ ጣጣ የመሥራት ዕድላቸው ይሰፋል። ብዙ ግንኙነት የሚያስተናግድ ሰርቨርም ከኔትወርክ ማሻሻያዎቹ ይጠቀማል።

ችግሩ ድጋፉ ላይ ነው። ገንቢዎቹ 6.8ን መጠገን ያቆሙት በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ግን የአምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ ቃል ተገብቶለታል።

የኡቡንቱ አዘጋጅ ኩባንያ ካኖኒካል 6.8ን መረጠ። የራሱ የከርነል ቡድን ስላለው 6.8ን ራሱ የመጠገኑን ሸክም መሸከም ይችላል፤ ምርጫውም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለትና ሦስት ሰው ሆናችሁ የራሳችሁን ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) የምታዘጋጁ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ 6.6ን ያዙ። ለአዲስ ከርነል የተሠራውን መድፈኛ ሌሊት ተቀምጦ ለአሮጌው ከርነል የሚያስማማ ሰው የላችሁም።