160 ዶላር ያልሠራውን የመጥረጊያ እንጨት ሠራው

የውሃ ማለስለሻዬን ሰርቪስ ላደረገው ድርጅት ከአምስት ሁለት ኮከብ። አንዷ የላኩት ልጅ በሰዓቱ ስለመጣ፣ ሌላዋ ጋራዡን ጠርጎ ስለሄደ ነው።

ላስ ቬጋስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የዚህ አገር ውሃ ኖራ በኖራ ነው። አብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ በሌክ ሚድ በኩል ይመጣል። ብርጭቆ አጥባችሁ ብታስቀምጡ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይደርቃል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያማ ውስጡ ቅርፊት ያበጃል። ቤቱን ስንገዛ ሶፍትነር የሚሉት የውሃ ማለስለሻ ጋራዥ ውስጥ ነበር። እኔ ጨው ከመጨመር ሌላ ነክቼው አላውቅም።

ሰሞኑን ነጩ ነገር ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስታ «ማሽንህ ሞቷል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ጨው ስላልገዛሁ ቆጣቢ ሆንኩ ብዬ ስኮራ ነው የከረምኩት።

ድርጅቱ ጋ ስደውል «ውሃውን አፍስሰን፣ አጥበን፣ ሙሉ ሰርቪስ እናደርጋለን» አሉ፣ በ160 ዶላር። ልጁ መጣ፣ ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑን አንዴ ራሱን እንዲያጥብ አደረገ፣ በቱቦው የሚወርደውን ውሃ ቆሞ አየና «አለቀ» ብሎ ደረሰኝ ሰጠኝ። የጨው ታንኩን ክዳን እንኳ አልከፈተም! በሳምንቱ ብርጭቆው ያው ነው። ደወልኩ። ለመመለስ ሌላ ሂሳብ ጠየቁኝ።

እሁድ ቡና ላይ ብሶቴን ስዘረግፍ ጎረቤታችን ጋሼ ሲኒያቸውን ይዘው ጋራዥ ገቡና ታንኩን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሆዱ ባዶ ነው» አሉኝ። እንዴት ባዶ ይሆናል፣ እስከ አፉ ጨው ነው! የመጥረጊያ እንጨት አስመጥተው መሃል መሃሉን ቀስ እያሉ ወጉት (ጎኑን ከወጋችሁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል)፣ ጨዉ ድርምስ ብሎ ወረደ። ለካ ላይ ላዩ ተጋግሮ እንደ ጣሪያ ቆሞ ኖሯል፣ ውሃው ከሥር ስለሚቀር ጨዉን አይነካውም፣ ጨው ያልያዘ ውሃ ደግሞ ኖራውን የሚይዙትን ጥቃቅን እንክብሎች ማጠብ አይችልም።

ከዚያ ራሳችን አጠብነው። መጀመሪያ ቤቱ ውሃ እንዳያጣ ባይፓስ ላይ፣ ማለትም ውሃው ማሽኑን ዘሎ እንዲያልፍ አደረግነው። ጨዉን በጣሳ ወደ ባልዲ፣ የታችኛውን ዝቃጭ እርጥብ በሚስብ ቫኪዩም፣ በመጨረሻ ሞቅ ያለ ውሃና ሳሙና። ጨው ውሃውን ብቻ ሣር ላይ እንዳትደፉት፣ ያደርቀዋል። ጋሼ ማሽኑ መቼ ራሱን እንደሚያጥብ የሚወስነውን ሰዓትም አዩት፣ የውሃው ጥንካሬ (የኖራው መጠን) በጋሎን 8 ግሬን ተብሎ ተሞልቷል፣ የእኛ ግን ወደ 16 ነው። ይሄንንም ልጁ አላየም።

ጨዉን ስንመልስ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሞላነው። እስኪሟሟ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቀን ማሽኑን አስነሳነው፣ ማታ ሻወር ስገባ ያ ሳሙናው አልለቅ የሚል የሚያሙለጨልጭ ነገር ተመልሷል። ጋሼ ቶናው ቀዝቅዞባቸው ስለነበር ባለቤቴ እንደገና አፈላች።

ድርጅቱ ክዳን ለመክፈት ተጨማሪ የሚያስከፍል ከሆነ መጀመሪያ ስንደውል ይንገረን።