በሱሉልታ የወሰድነው የምርመራ ጋዜጠኝነት ስልጠና

ሱሉልታ በሚገኝ አንድ ማዕከል ለአምስት ቀናት በተሰጠው የምርመራ ጋዜጠኝነት ስልጠና ተሳትፌ ነበር። በሙያው ዘጠኝ ዓመት ብቆይም እንዲህ ያለ ዕድል ሲገጥመኝ ገና ሁለተኛዬ በመሆኑ፣ ወደፊት ለሚጋበዙ ባልደረቦቼ ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን ላካፍል ወደድኩ።

የመጀመሪያው ቀን በገለጻ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውና፣ በባሕር ማዶ ኩባንያዎች የተሸሸገ ሀብትን ለማጋለጥ 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች የተመረመሩበት የፓናማ ሰነዶች ሥራ በሰፊው ቀረበልን። የሥራው ታላቅነት አያጠያይቅም፤ ነገር ግን አንዲት የግዥ ቃለ ጉባኤ ለማግኘት ሳምንታት ደጅ የሚጠና የአገራችን ዘጋቢ ወደ ሥራው ሲመለስ ከየት እንደሚጀምር አያሳየውም።

ይህን ያሳዩን በማግስቱ የመጡት፣ ረጅም ዘመን በኦዲት ሥራ ያገለገሉ አሰልጣኝ ናቸው። ለልምምድ ያዘጋጇቸውን ሦስት ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች) በየጠረጴዛው አስቀምጠው፣ ለግማሽ ሰዓት ማንም ሳይናገር እንድናነብ አዘዙን። ሰነዶቹ ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ለመግዛት ከሦስት አቅራቢዎች የተሰበሰቡ ናቸው ተብሏል። ከጎኔ የነበረች የማኅበረሰብ ራዲዮ ጋዜጠኛ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆይታ፣ «ተማሪዎች» የሚለው ቃል በሦስቱም ላይ «ተማዎች» ተብሎ መጻፉን አሳየችኝ። ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ግድፈት ሠርተዋል ማለት ነው፤ ይህም ሦስቱንም ሰነዶች ያዘጋጀው አንድ ሰው ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራል። ደስታችንን ያዩት አሰልጣኝ ግን «የያዛችሁት ጥርጣሬ ነው፤ ማስረጃ አይደለም» ብለው አስቆሙንና፣ የአቅራቢዎቹን የንግድ ምዝገባ ከየት እንደምናገኝ፣ ከግዥ ኮሚቴው ማንን ማነጋገር እንዳለብን፣ በተለይም ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ የሚቆረጠውን ሞዴል 19 የተባለ ደረሰኝ ከክፍያ ሰነዱ ጋር እንዴት እንደምናመሳክር እስከ ምሽት አስተማሩን። የተከፈለው ለስንት ወንበር ነው? የገባውስ ስንት ነው? በዚያ ቀን የተማርኩት ቀደም ሲል ከወሰድኩት ስልጠና ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የምለው የለኝም፤ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን መብራት በመጥፋቱና ጄኔሬተሩም ባለመነሳቱ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ትምህርቱ ሳይሰጥ ቀርቷል። የጎደለውን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የናይት የጋዜጠኝነት ማዕከል በኢንተርኔት ከሚሰጣቸው ነጻ ኮርሶች ለመሙላት እየሞከርኩ ነው። አበልን በተመለከተ፣ ከክልል ለመጣ ባልደረባ አበል የትራንስፖርትና የማደሪያ ጉዳይ በመሆኑ፣ «ለአበል ነው የመጡት» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ተገቢ እንዳልሆነ አምናለሁ።

ዋናው ቅሬታዬ ከአራተኛው ቀን ትምህርት ይነሳል። ዕለቱ የመረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርንበት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገው መረጃ የማግኘት መብት፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከወጣ በኋላም እንደጸና ከመካከላችን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄው በቀረበለት በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት እንዳለበት፣ ከተከለከልንም በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት እንደምንችል በሚገባ ተብራራልን። ሁላችንም በየጉዳያችን ደብዳቤ አርቅቀን፣ አሰልጣኞቹ አርመውልን፣ በአምስተኛው ቀን የምስክር ወረቀታችንን ይዘን ተለያየን። ምላሹ የሚጠበቀው በ30 ቀን፣ ስልጠናው የሚያልቀው በ5 ቀን ነው፤ ስለዚህ እርዳታ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት የምናማክረው ሰው አልነበረም። እኔ በቀጣዩ ሰኞ ያስገባሁት ደብዳቤ በ26ኛው ቀን «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» የሚል የሁለት መስመር መልስ አምጥቷል። ይግባኝ ልበል ወይስ ለሌላ ክፍል እንደገና ልጻፍ የሚለውን ለመጠየቅ አዘጋጆቹ ዘንድ ብደውል ፕሮጀክቱ መዘጋቱ ተነገረኝ፤ መንገዱን ያመላከቱኝ ስልካቸውን በግል የሰጡን እኚያው የኦዲት ባለሙያ ናቸው።

ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ማሻሻያ አይመስለኝም። ተሳታፊዎች ከአንድ ወር በፊት ተመርጠው ደብዳቤያቸውን አስቀድመው አስገብተው ቢመጡ፣ የተሰጣቸውን ምላሽ ወይም ዝምታ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ፤ አሰልጣኞቹም ከልምምድ ወረቀት ይልቅ በእውነተኛው ሰነድ ላይ ያስተምሯቸዋል። ለቀጣዩ ዙር የተጋበዛችሁ ባልደረቦቼ፣ አዘጋጆቹ ባይጠይቋችሁም ደብዳቤያችሁን አሁኑኑ አስገቡና ቀኑን የያዘውን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።